ከባትሪው በፊት ሒሳቡ!



ጣራችን ላይ ሶላር የሰቀልን ሁሉ «ትልቅ ባትሪ ጨምሩ፣ ተገላገሉ» እየተባልን ነው። እውነት ነው፣ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ሶላር ብቻውን አያበራም። ግን እስቲ እናስላ!

ባለ 10 ዋት አምፖል 5 ሆኖ 5 ሰዓት ቢበራ የሚፈጀው ሩብ ኪሎዋት-ሰዓት ነው። ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስበው የእንጀራ ምጣድ ግን የ5 ኪሎዋት-ሰዓት ባትሪን በሰዓት ተኩል ገደማ ሙልጭ ያደርገዋል። የእርሳስ ባትሪማ ደጋግሞ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ይሞታል።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው፦ ለአምፖልና ለስልክ ትንሽ ባትሪ ይበቃል። ለምጣድ ብሎ የዕቁብ ብር ማፍሰስ ግን ይቁም! እንጀራው መብራት ባለበት ሰዓት ይጋገር። ሻጩ ለኪሱ ያስባል፤ እኛም ለጓዳችን እናስብ!