መውጫ ስለሌለው ሐይቅ

ልጆች ሆይ፤ በሸጎሌ የሚኖር ሰው ውሃን የሚያውቀው ሲሮጥ ነው። ሰፈራችን ከእንጦጦ በታች ባለው ተዳፋት ላይ ስለ ሆነ፥ በክረምት ዝናብ በዘነበ ጊዜ ጎርፉ በየደጃችን እየጮኸ ያልፋል፤ ቅጠሉንም፥ አመዱንም፥ የተጣለውንም ሁሉ ይዞ ይወርዳል። በማግሥቱ ደጁን ንጹሕ ሆኖ ስናገኘው ደስ ይለናል፤ ቆሻሻው ወዴት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔም ራሴ የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ቢሾፍቱ በሄድሁበት ቀን።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በቃሊቲና በዱከም አልፈን በማለዳ ደረስን። በከተማይቱ ዙሪያ ሆራ፥ ባቦጋያ፥ ኩሪፍቱ፥ ጨለለቃ የሚባሉ ሐይቆች አሉ፤ እኛ ግን አስቀድመን የሄድነው በከተማይቱ ስም ወደሚጠራው ሐይቅ ነው። ስፍራው ሜዳ ስለ ሆነ በዚያ ሐይቅ ይኖራል ብሎ የሚያስብ የለም። ድንገት ምድሩ ከእግር በታች ይቆረጣል፤ ከገደሉም ሥር ውሃው ክብ ሆኖ ተኝቶ ይታያል። ልጆቹ ሁሉ ዝም አሉ። ይህም ለመምህር ብርቅ ነገር ነው።

ሐይቁ እንዴት እንደ ተሠራ ነገርኋቸው። ውሃ በጋለ ምጣድ ላይ ጠብ ሲል እየጮኸ እንፋሎት ሆኖ እንደሚበተን አይታችኋል። በጥንት ዘመንም ከምድር ጥልቅ የቀለጠ ድንጋይ ወደ ላይ ሲወጣ በመሬት ውስጥ ካለው ውሃ ጋር ተገናኘ፤ ውሃውም በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ዓለቱንና አፈሩን ወደ ሰማይ በተነው። ከዚያ በቀረው ጉድጓድ ውሃ ሞላበት። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል፤ ሃያ ፎቅ ያለው ቤት በውስጡ ቢቆም ጣራው አይታይም።

ይህን ስናገር ከተማሪዎቹ አንዱ የያዘውን ውሃ ጠጥቶ ጨረሰና ባዶውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ገደሉ ወረወረው። ብገሥጸው፥ «የኔታ፥ ሐይቁ እኮ ሰፊ ነው፤ ምን ይሆናል?» አለኝ። ልጁ ባለጌ አልነበረም። የሸጎሌ ልጅ ነው፤ ውሃ ሁሉን ይወስዳል ብሎ ያደገ ነው።

ነገር ግን ወደ ቢሾፍቱ ሐይቅ የሚገባ ወንዝ የለም፤ ከእርሱም የሚወጣ ወንዝ የለም። ፀሐይ ውሃውን ታተነዋለች፤ የተጣለውን ግን ትታው ትሄዳለች። ከዳር የወረደው ሁሉ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ሲበሰብስም ዓሣ የሚተነፍሰውን አየር ከጥልቁ ውሃ ይጨርሰዋል። በብርድ ወራት የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ስለሚከብድ ይወርዳል፤ አየር ያጣው የታችኛው ውሃም ከእርሱ ጋር ተደባልቆ ወደ ላይ ይወጣል። በዚህም ምክንያት በቢሾፍቱ ሐይቆች ዓሣ በብዛት ሞቶ የተንሳፈፈበት ጊዜ አለ። መደባለቁ የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ የሚበሰብሰውን የምናበዛው ግን እኛ ነን፤ መረቡን ባዶ የሚስበውም ዓሣ አጥማጁ ነው።

በጃፓን አገር በሆካይዶ ደሴት ማሹ የሚባል ሐይቅ አለ። እርሱም እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ ያለ፥ ወንዝ የማይገባበትና የማይወጣበት ነው። ጎብኚ ከላይ ቆሞ ያየዋል እንጂ ወደ ውሃው ይወርድ ዘንድ አይፈቀድለትም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ሲለኩት፥ ወደ ውስጥ እስከ 41 ሜትር ድረስ በዓይን ይታይ ነበር።

እኛም እንዲሁ እንከልክል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን አልስማማም። ወደ ሆራ ሐይቅ የኦሮሞ ሕዝብ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ለኢሬቻ ተሰብስቦ ምስጋናውን ያቀርባል፤ ሌላውም ከሐይቆቹ እንጀራውን ያገኛል። ሰውን ከውሃው የሚያርቅ ሕግ ለዚህ አገር አይሆንም። በማሹ አጥር የሚሠራውን ሥራ በእኛ ዘንድ የእያንዳንዱ ጎብኚ እጅ ሊሠራው ይገባል፤ ይዞ የመጣውንም ይዞ ይመለስ። ይህም ከአጥር ይልቅ የሚከብድ ነው፤ አጥር አንድ ጊዜ ይታጠራል፥ እጅ ግን ዘወትር መጠበቅ ያስፈልገዋል።

ለልጁም ስለ ሰፈራችን ጎርፍ ነገርሁት። ከደጃችን የሚወርደው ውሃ ወደ አቃቂ ይገባል፤ አቃቂም ወደ አዋሽ። አዋሽ ብዙ አገር ዞሮ፥ ባሕር ሳይደርስ፥ በጅቡቲ ድንበር አቤ በሚባል ሐይቅ ያልቃል። ከአቤም የሚወጣ ወንዝ የለም።

ልጁ ጥቂት አሰበና «እንውረድ» አለኝ። እጁን ይዤ በቀጭኑ መንገድ እየተንሸራተትን ወረድን። ከዳር ስንደርስ ግን ነፋሱ ጠርሙሱን ወደ መካከል ወስዶት ነበር። ወደ ዳር ይመለስ እንደ ሆነ ብሎ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይመለከት ጀመር፤ የመኪናው ነጂ ከላይ ሆኖ እስኪጠራን ድረስም ከዚያ አልተነሣም።