ስለ ከብት ገበያ፤ ቧንቧው ከመዘርጋቱ በፊት ምንጩ ይጠረግ

ሀብት ሳይታወቅ ከተቀመጠ ለባለቤቱ ከድህነት ብዙ አይለይም። አገራችን በከብት ብዛት ከአፍሪካ አገሮች የፊተኛውን ስፍራ እንደያዘች በየጊዜው ይጻፋል፤ በ2013 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ባደረገው ጥናት የቀንድ ከብቱ ወደ 70 ሚሊዮን፣ ፍየሉ ከ50 ሚሊዮን በላይ፣ በጉም ከ40 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ መንጋ የሚጠብቀው ገበሬና አርብቶ አደር ከብቱን ወደ ገበያ በሚነዳበት ቀን የዕለቱን ዋጋ ሳያውቅ ይነዳል፤ ገዢው ግን አውቆ ይጠብቀዋል። እኔ ጸሐፊው ለየዞኑና ለየወረዳው አስተዳዳሪዎች፣ ለከተማ ሹማምንትና ለባለ ከብቶች በትሕትና ላሳስብ የምፈልገው በዚህ በሚያውቅና በማያውቅ መካከል ስላለው ልዩነት ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ደሴንና ኮምቦልቻን እንመልከት። እነዚህ ሁለት ከተሞች በደጋና በቈላ መካከል እንደ በር የቆሙ ናቸው። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ከዚያም አንደኛው መንገድ ወደ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛው በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ ወደብ ይወስደዋል። በባቲ ሰኞ በሚውለው ገበያ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ከጥንት ጀምሮ ሲገበያዩ ኖረዋል፤ የባቲ ፍየል ሌጦም በቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ በስሙ ተለይቶ ይታወቃል። በኮምቦልቻ የሥጋ ፋብሪካና የቆዳ ፋብሪካ ተተክለዋል። እንግዲህ ይህ አገር ከብት ያነሰው ወይም መንገድ የጠፋበት አይደለም።

ችግሩ ያለው በገበያው ሜዳ ላይ ነው። ከኩታበር ወይም ከተሁለደሬ አንድ ወይፈን ይዞ ሌሊት የተነሣ ገበሬ ረፋዱ ላይ ገበያ ይደርሳል። ከብቱ ሳይሸጥ ቢመለስ የመንገዱ ድካም ሥጋውን ይቀንስበታል፤ ቢያድርም የመኖና የማደሪያ ወጪ ይጨመርበታል። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የተባለውን ዋጋ ተቀብሎ ይሄዳል። ነጋዴው ደግሞ ይህን ያውቃል፤ በማለዳ ወደ አዲስ አበባ ደውሎ የዚያን ዕለት ዋጋ ጠይቆ ወጥቷልና። ይህን ሌብነት ልንለው አንችልም፤ የዕውቀት ብልጫ ነው። መድኃኒቱም ነጋዴውን መቅጣት አይደለም፤ እርሱ የሚያውቀውን ገበሬውም ከቤቱ ሳይወጣ እንዲያውቀው ማድረግ ነው።

በዚህ ምክንያት ዛሬ ብዙ ሰዎች የከብት ገበያ በድረ ገጽና በቴሌግራም ይከፈት እያሉ ይመክራሉ። ምክሩ መልካም ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። የምለየው በቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። በደሴ ከተማ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ ራሱ ያስተምረናል፤ ቧንቧ ውሃን ከሩቅ ምንጭ ወደ ደጅ ያደርሳል እንጂ ውሃን አይፈጥርም። ምንጩ ንጹሕ ቢሆን ንጹሑን፣ ምንጩ ቢደፈርስም ድፍርሱን ያንኑ ያመጣል። ድረ ገጽም እንዲሁ ቧንቧ ነው። ምንጩ ገበያው ነው። ሚዛን በሌለበት፣ ዕድሜው ባልተመረመረ፣ ክትባቱ ባልተጻፈ ከብት ላይ የተዘረጋ ድረ ገጽ ድፍርሱን በፍጥነት ከማዳረስ በቀር ሌላ ጥቅም አይሰጥም።

ብዙ ጊዜም የምናየው ይህንኑ ነው። ገጹ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ይመረቃል፤ የሹማምንቱ ፎቶግራፍና የአንድ ድልብ ሰንጋ ሥዕል ይወጣበታል። ከሦስት ወር በኋላ ሲከፍቱት ያው ሰንጋ እንደ ቆመ ነው፤ ያለፈው ፋሲካ ዋጋ አልተነሣም፤ የተጻፈው ስልክም አይመልስም። ከሩቅ የሚፈልግ ገዢ አንድ ጊዜ ይደውላል፤ መልስ ካጣ ሁለተኛ አይደውልም። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲሉ የተረቱት እንደዚህ ላለው ነገር ነው።

ሌሎች አገሮች እንዴት እንደ ሠሩት መመልከት ይጠቅማል። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1987 ካልም የተባለ በኮምፒዩተር ከብት የሚሸጥበት ጨረታ ተጀመረ፤ ዛሬ ኦክሽንስፕላስ ተብሎ ይሠራል። ከብቱ እስኪሸጥ ድረስ ከባለቤቱ መስክ አይነቃነቅም፤ ገዢው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ተቀምጦ ዋጋ ይሰጣል። ይህ እንዲሆን ያስቻለው ኮምፒዩተሩ ብቻ እንዳይመስለን። የሠለጠነና ፈቃድ የተሰጠው መርማሪ አስቀድሞ ወደ መስኩ ሄዶ የከብቱን ክብደት፣ ዕድሜና የሥጋ ይዞታ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይመዘግባል፤ ገዢውም ያላየውን ከብት የሚገዛው በዚያ ሰው ቃል ታምኖ ነው።

ከአገራችንም ምሳሌ አይጠፋም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የዋጋው ሰሌዳ ብዙ ተወራለት። ቡናና ሰሊጥ ሳይታዩ ሊሸጡ የቻሉት ግን ወደ መጋዘን ሲገቡ ተመዝነውና ደረጃ ወጥቶላቸው ደረሰኝ ስለሚሰጥባቸው ነው። እንዲሁም በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ኢትዮጊፍት በሚባለው ድረ ገጽ ለበዓል ለዘመዶቻቸው በግ እየገዙ መላክ ከጀመሩ ከኻያ ዓመት በላይ ሆኗል። እነርሱ በጉን አያዩትም፤ እንደሚደርስ ግን ያምናሉ። የሩቅ ንግድ መሠረቱ ይህ እምነት ነው፤ እምነትም የሚገኘው በትክክል ከተጻፈ ነገር ነው።

እንግዲህ በየወረዳው ገበያ መጻፍ ያለበት ምንድር ነው? አንደኛ፣ ክብደት። የከብት ሚዛን ያለበት ገበያ ሚዛኑን ያሠራ፤ የሌለበትም የደረትን ዙሪያ በሜትር ለክቶ ክብደቱን መገመት ይችላል። ግምቱ የሚዛንን ያህል ትክክል አይሆንም፤ ስለዚህ በግምት የተገኘ መሆኑ አብሮ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ዕድሜ። ከብቱ የወተት ጥርሱን ለውጦ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት ወይም ስምንት ቋሚ ጥርስ ማብቀሉን ማየት ለማንም ለለመደ ሰው ቀላል ነው። ሦስተኛ፣ ጤና። ስለ አባ ሰንጋ፣ ስለ ሳንባ በሽታ፣ በግና ፍየል ከሆነም ስለ ደስታ መሰል በሽታ የተከተበበት ቀን በእንስሳት ሐኪሙ ፊርማ ይመስከር። አራተኛ፣ ዋጋ። የጠሩት ዋጋና የሸጡበት ዋጋ ልዩ ልዩ ነውና የሚመዘገበው ገንዘብ ተቈጥሮ የተሸጠበቱ ይሁን፤ ዝቅተኛው፣ ከፍተኛውና አብዛኛው የተሸጠበት ዋጋ በየዓይነቱ ተለይቶ፣ የገበያው ስምና ቀኑ ተጽፎ በዚያው ዕለት ማታ ይውጣ። ቀን የሌለው ዋጋ ዋጋ አይባልም።

ይህን የሚሠራ አንድ የታመነ ጸሐፊ፣ አንድ ስልክና አንድ መዝገብ ይበቃል። ከዚህ በፊት የቁም እንስሳትን ዋጋ ከየገበያው እየሰበሰበ በስልክ አጭር መልእክት የሚያስተላልፍ ብሔራዊ ሥርዓት በአገራችን ተጀምሮ ነበር። የእንደዚህ ያለ ሥራ ሕይወት የሚጠበቀው በዋና ከተማ ባለው ማሽን ሳይሆን በገበያ ቀን ፀሐይ እየመታው ዋጋ በሚጽፈው ሰው ነው። ያ ሰው አበሉ ሲዘገይበት ወይም ሌላ ሥራ ሲታዘዝ ሰንጠረዡ ሁሉ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ወረዳው በጀት ሲያዘጋጅ ለገጹ ማስዋቢያ ከሚመድበው ገንዘብ በፊት የዚህን ጸሐፊ ደመወዝ ያስብ።

ጽሑፉም ለማያነበው ሰው መድረስ አለበት። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ8028 የስልክ ቁጥር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ለገበሬው በነጻ ምክር ማሰማት መጀመሩ ማንበብ ያልተማረ ሰው በጆሮው መማር እንደሚችል አሳይቷል። የከብት ዋጋም በዚህ መንገድ ሊነገር፣ በገበያ ሰሌዳ ሊለጠፍ፣ በራዲዮ ሊሰማ ይገባል። የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱን አንዘንጋ። በመረቡ ላይ ብቻ የተመሠረተ ገበያ በዚያን ጊዜ ምን እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም፤ የወረቀቱ መዝገብና ሰሌዳው ከኋላው ቢኖሩ ግን ሥራው አይቆምም።

ሌላው የሚያስፈልገው የወቅት ማስታወቂያ ነው። ወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ አብረው የሚኖሩበት አገር ስለ ሆነ የሥጋ ፈላጊው ብዛት በሁለት የዘመን አቈጣጠር ይመላለሳል። በሁዳዴ ጾም የሰንጋ ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ለፋሲካ ይነሣል። አረፋ ደግሞ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ ስለሚመጣ የሙክቱና የበጉ ተፈላጊነት ወር ከወር ይለዋወጣል። ገበሬው የሚያደልብበትን ጊዜ ከዚህ ጋር ማስማማት ይችል ዘንድ ያለፉት ዓመታት ዋጋ በወርና በበዓል ተለይቶ ቢወጣለት ከአንድ ሺህ ሥዕል ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ይህን ስል ሁሉም ከብት በድረ ገጽ ይሸጥ ማለቴ አይደለም። የእርሻ በሬ የሚገዛ ሰው በሬውን ማስነሣት፣ ማስኬድ፣ ጫንቃውን መዳሰስና ጠባዩን መጠየቅ ይፈልጋል፤ ይህን ሥዕል አይተካውም። ለሩቅ ሽያጭ የሚመቸው ለሥጋ የደለበው ሰንጋ፣ ሙክቱና ብዙ ሆኖ በአንድ ላይ የሚቀርበው በግና ፍየል ነው። አንድ አንድ በግ ያላቸው እናቶችም ተባብረው 20 ወይም 30 በግ በአንድነት ቢያቀርቡ የኮምቦልቻ ወይም የአዲስ አበባ ገዢ መኪና ይዞ ወደ እነርሱ ይመጣል፤ ለየብቻቸው ቢሆን ግን አይመጣም።

አንዳንዶች ሦስት ነገር ይቃወማሉ። የፊተኛው የደላላው እንጀራ ይቋረጣል የሚል ነው። ደላላ ከብት የማወቅ ጥበብ አለው፤ ጥበቡን እንደ መርማሪ ተመዝግቦ፣ ለቃሉም ተጠያቂ ሆኖ ቢሠራበት እንጀራው ይከበራል እንጂ አይቋረጥም። ሁለተኛው ገበሬው ዋጋው ከታወቀ ግብር ይጨመርብኛል ብሎ ይፈራል የሚል ነው። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ሹማምንት የዋጋው መዝገብ የሻጩን ስም እንዳይይዝ ቢያዝዙና ይህንንም በገበያ መካከል ቢያስነግሩ እውነተኛውን ዋጋ ለማግኘት ይችላሉ። ሦስተኛው አታላይ ይበዛል የሚል ነው። እውነት ነው፤ በስልክ ገንዘብ ማስተላለፍ ቀላል ከሆነ ወዲህ፣ ይልቁንም ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ፣ መክፈል የአንድ ደቂቃ ሥራ ሆኗል። ከብት ሳይኖረው ሥዕል ለጥፎ ቀብድ የሚቀበል ሰው ሊነሣ ይችላል። መከላከያው ርክክቡ በታወቀ ገበያ፣ በጸሐፊው ፊት፣ በደረሰኝ እንዲሆን ማድረግ፣ ከዚያም በፊት ቀብድ እንዳይከፈል ማስጠንቀቅ ነው።

ሕጉ በበኩሉ መንገዱን ከፍቷል። የቁም እንስሳት ግብይት ዐዋጅ ቁጥር 819/2006 ሻጭና ገዢ በሥርዓት የሚገናኙበትን ገበያ ይመለከታል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት ዐዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በመረብ ለሚደረግ ውል መሠረት ሰጥቷል። ኹለቱን ዐዋጆች በአንድ የገበያ ሜዳ ላይ የሚያገናኛቸው ግን ወረቀት አይደለም፤ የወረዳው ሹም ትጋት ነው።

ስለዚህ የተከበራችሁ ሹማምንትና ባለ ከብቶች ሆይ፣ ምክሬ አጭር ነው። በየወረዳችሁ ካሉት ገበያዎች አንዱን ብቻ ምረጡ። ሚዛኑን አስጠግኑ፤ ጸሐፊውን ሹሙ፤ ሐኪሙ በገበያ ቀን እንዲገኝ እዘዙ፤ ዋጋው ሳይቋረጥ ለአንድ ዓመት ይመዝገብ፣ በሰሌዳም ይለጠፍ። ዓመቱ ሲሞላ መዝገቡን ግለጡ። አንድም ሳምንት ያልጎደለበት ከሆነ ያን ጊዜ ድረ ገጹን ክፈቱ፤ የሚሞላው ነገር አለውና። የጎደለበት ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ለገጽ አታውጡ፤ የጎደለበትን ምክንያት ፈልጉ። ኦሪት ሚዛን እንዲቀና ያዘዘችው ሰው በገበያ ባልንጀራውን እንዳይበድል ነው፤ ዘመኑ የሰጠን መሣሪያ ትእዛዙን ሊያግዘው ይችላል፣ ሊሽረው ግን አይችልም። ከኩታበር ሌሊት የሚነሣው ገበሬ ከቤቱ ሳይወጣ የትናንቱን ዋጋ ሰምቶ «ዛሬ አልሄድም፤ የሚመጣውን ሳምንት እጠብቃለሁ» ለማለት የቻለ ዕለት ሥራችን ተሳክቷል ማለት ነው።