የፑል ጀግና በስኑከር ሚዛን

በየከተማችን ባሉ ፑል ቤቶች ከማይጠፉ ክርክሮች አንዱ፣ በሠፈሩ ተወዳዳሪ የታጣለት ተጫዋች በቴሌቪዥን ከሚታዩት የስኑከር ባለሙያዎች ፊት ቢቆም ምን ይገጥመዋል የሚለው ነው። አንዱ ወገን «ኳስ ኳስ ነው፤ እጁ የለመደ የትም አያፍርም» ይላል። ሌላው «ስኑከር ሌላ ዓለም ነው» ብሎ ይደመድማል። ክርክሩም ብዙውን ጊዜ በድምፅ ብልጫ ይቋጫል። የዚህ ጸሐፊ እምነት ግን፣ ጥያቄው በሜትርና በዲግሪ፣ እንዲሁም በታወቀ የውድድር ታሪክ ሊመለስ እንደሚችል ነው። መልሱም ከጨዋታው አልፎ ስለ ተሰጥዖ ያለንን አመለካከት የሚነካ ነው።

ሁለቱ ጠረጴዛዎች

ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚውለው የፑል ጠረጴዛ የመጫወቻ ሜዳ 2.54 ሜትር ርዝመትና 1.27 ሜትር ስፋት አለው። የስኑከሩ ሜዳ 3.57 ሜትር በ1.78 ሜትር ነው። ይህም ማለት የስኑከር ሜዳ ከፑል ሜዳ እጥፍ ያህል ይሰፋል። ኳሶቹ ግን በተቃራኒው ያንሳሉ፤ የፑል ኳስ ዲያሜትር 57.15 ሚሊ ሜትር ሲሆን የስኑከር ኳስ 52.5 ሚሊ ሜትር ነው። የፑል የማዕዘን ቀዳዳ አፍ 11.4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይከፈታል። የስኑከሩ 8.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያም ላይ የፑል ቀዳዳ ከንፈሮች ቀጥ ብለው የተቆረጡ በመሆናቸው ጠርዝ የነካች ኳስ ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ትገባለች። የስኑከሩ ከንፈሮች ክብ በመሆናቸው ያንኑ ዓይነት ኳስ ወደ ሜዳው ይመልሷታል።

እነዚህ ልዩነቶች ተነጣጥለው ሲታዩ ትንንሽ ይመስላሉ፤ ሲባዙ ግን ሌላ ናቸው። ለግምት ያህል፣ የምትመታው ኳስ ከቀዳዳው የጠረጴዛውን ርዝመት ግማሽ ያህል ርቃ፣ ነጯም ከእርሷ ያንኑ ያህል ርቃ፣ ሁለቱም ከቀዳዳው ጋር በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ናቸው እንበል። በፑል ኳሷ ከቀዳዳው መሐል በግራም ሆነ በቀኝ 28 ሚሊ ሜትር ያህል ብትስት ትገባለች። ይህን በ1.27 ሜትር ርቀት ወደ ማዕዘን ብንለውጠው 1.3 ዲግሪ ያህል ነው። በስኑከር የሚፈቀደው ስሕተት 16 ሚሊ ሜትር፣ ርቀቱም 1.78 ሜትር ስለሆነ ማዕዘኑ ወደ 0.5 ዲግሪ ይወርዳል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ነጯ ስትመታ የተፈጠረችው ጥቂት የአቅጣጫ ስሕተት ኳሶቹ ሲጋጩ ታድጋለች። የማባዣውን መጠን ለማግኘት በሁለቱ ኳሶች መሐል ያለውን ርቀት ለኳሷ ዲያሜትር አካፍሎ 1 መቀነስ በቂ ነው። በምሳሌያችን ይህ ቁጥር ለፑል 21፣ ለስኑከር 33 ይሆናል። በመሆኑም ለመቺው እጅ የሚቀርለት ነፃነት በፑል 0.06 ዲግሪ፣ በስኑከር ደግሞ 0.016 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ በተመሳሳይ ምት ላይ ስኑከር የሚጠይቀው ጥራት ፑል ከሚጠይቀው አራት እጥፍ ያህል ነው ማለት ነው። ይህ የጠርዙን ክብነትና የጨርቁን ሁኔታ ሳይጨምር የተገኘ ውጤት ነው።

የሰንሰለቱ ርዝመት

ሁለተኛው ምክንያት የዕድል ሂሳብ ነው። በናይን ቦል ፑል አንድን ጨዋታ ለመጨረስ ቢበዛ 9 ኳሶችን ማስገባት ይበቃል። በስኑከር የታወቀውን 147 ነጥብ በአንድ ዙር ለማግኘት ግን 36 ኳሶችን በተከታታይ ማስገባት ያስፈልጋል። ከ100 ምቶች 95ቱን የሚያስገባ ተጫዋች 9 ኳሶችን ሳያቋርጥ የማስገባት ዕድሉ 63 በመቶ ሲሆን፣ 36 ለማስገባት ያለው ዕድል 16 በመቶ ያህል ነው። የዚህ ሰው ጥራት ወደ 90 ቢወርድ የመጀመሪያው ዕድል 39 በመቶ፣ ሁለተኛው ደግሞ 2 በመቶ ገደማ ይሆናል። በአጭር ሰንሰለት ያልታየው የአምስት በመቶ ልዩነት በረጅሙ ሰንሰለት ገሃድ ይወጣል።

ታሪክ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስድስት ጊዜ የዓለም የስኑከር ሻምፒዮን የሆነው ስቲቭ ዴቪስ፣ ከ1994 እስከ 2004 ለአውሮፓ ቡድን በሞስኮኒ ዋንጫ ፑል ተጫውቷል፤ በ2002ም አሜሪካዊውን ኤርል ስትሪክላንድን አሸንፎ ዋንጫውን ለቡድኑ አስገኝቷል። የማልታው የስኑከር ተጫዋች ቶኒ ድራጎ በ2003 የዓለም ፑል ማስተርስን አሸንፏል። ሰባት ጊዜ የሴቶች የዓለም የስኑከር ሻምፒዮን የነበረችው እንግሊዛዊቷ አሊሰን ፊሸር በ1995 ወደ አሜሪካ ሄዳ፣ በቀጣዩ ዓመት የናይን ቦል የዓለም ሻምፒዮና አሸናፊ ሆናለች። በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በፑል ብቻ አድጎ በጎልማሳነቱ ወደ ስኑከር በመሻገር የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ተጫዋች የለም።

በዚህ ላይ የማርክ ሴልቢን ስም የሚያነሱ ይኖራሉ። ሴልቢ በ2006 በእንግሊዙ ስምንት ኳስ ፑል የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ፣ በኋላም የዓለም የስኑከር ሻምፒዮናን በ2014፣ በ2016፣ በ2017 እና በ2021 አሸንፏል። ነገር ግን እርሱ ከ1999 ጀምሮ የስኑከር ባለሙያ ነበርና፣ ምሳሌው ከፑል ወደ ስኑከር ስለ መሻገር አያስረዳም። ይልቁንም የስኑከር ልጅ በፑል ሜዳ እንዴት እንደሚያበራ ያሳያል።

ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ «ፑል ቀላል ነው» ማለት ስሕተት ነው። የመክፈቻው ኃይለኛ ምት፣ ነጯን በሌላ ኳስ ላይ የማዝለል ጥበብ፣ ከጠርዝ አንጥሮ የማስገባት ብልሃት በስኑከር እምብዛም የማይለመዱ ሙያዎች ናቸው። የ2019 የዓለም የስኑከር ሻምፒዮን ጃድ ትራምፕ በ2021 በአሜሪካ ኦፕን የፑል ውድድር ገብቶ ዋንጫውን ሳያገኝ ተመልሷል፤ ያሸነፈው ፊሊፒናዊው ካርሎ ቢያዶ ነበር። በተጨማሪም የታሪኩ ሚዛን ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ በፊዚክስ ብቻ የመጣ አይደለም። የስኑከር ክለቦች ለረጅም ዘመን በብሪታንያ ተከማችተው ስለቆዩ፣ አንድ አሜሪካዊ ወይም ፊሊፒናዊ ታዳጊ በትልቁ ጠረጴዛ ላይ ልጅነቱን የሚያሳልፍበት ዕድል ጠባብ ነበር። ቻይና ክለቦችንና ታዳጊዎችን በብዛት ካፈራች በኋላ፣ በ2025 ዣኦ ሺንቶንግ ከአገሩ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። የቻይና ልጆች ተሰጥዖ ያኔ አልተፈጠረም፤ የተፈጠረው ጠረጴዛው ነው።

ለእኛ ምን ትምህርት አለው?

እንደ እኔ አስተያየት፣ ጥሩ የፑል ተጫዋች በስኑከር ክለብ ውስጥ ካሉት አብዛኞቹ ሰዎች ቶሎ ይልቃል፤ በባለሙያዎች ፊት ግን ይሸነፋል። ይህ ሽንፈት ግን ተሰጥዖው ሐሰት እንደነበረ አያረጋግጥም። የፑል ቀዳዳ አንድ መለኪያ ነው፤ ከ0.06 ዲግሪ በታች ያለውን ልዩነት አይለይም። በሚሊ ሜትር የተከፈለ ማስመሪያ የፀጉርን ውፍረት መለየት እንደማይችል ሁሉ፣ ሰፊ ቀዳዳም ጎበዙንና እጅግ ጎበዙን አንድ አድርጎ ያሳየናል።

ይህ ጉዳይ ለተማሪዎች ሩቅ አይደለም። ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ሲወጣ የኖረ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመጀመሪያው ሴሚስተር መካከለኛ ውጤት ሲያገኝ፣ «ለካስ ሰነፍ ነኝ» ብሎ ተስፋ ሲቆርጥ እናያለን። የተለወጠው ግን መለኪያው ነው። የቀድሞው ፈተና ያልለየውን ጉድለት አዲሱ ፈተና ለይቶታል፤ የታወቀ ጉድለት ደግሞ በልምምድ ይጠባል። መምህራንና ወላጆችም በአንድ መለኪያ ብቻ ወጣቱን «ባለ ተሰጥዖ» ወይም «የማይረባ» ከማለት ቢቆጠቡ መልካም ነው።

ክርክሩን መሞከር ለሚሻ አንባቢ ቀላል ሙከራ አለ። በፑል ጠረጴዛ ላይ አንድ ረጅም ቀጥተኛ ምት ይምረጡና 100 ጊዜ ይምቱ። በአንድ ዓምድ የገቡትን ሁሉ፣ በሌላው ደግሞ የቀዳዳውን ከንፈር ሳይነኩ የገቡትን ብቻ ይመዝግቡ። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት የቀዳዳው ስፋት ምን ያህል እንደሚያግዝዎ ይነግርዎታል። ሁለተኛው ዓምድ በየሳምንቱ ከጨመረ፣ ስኑከር ጠረጴዛ በአጠገብዎ ባይኖርም እንኳ ወደ እርሱ እየተጠጉ ነው።