ደኑን የጨረሰው ባለአህያው ብቻ ነውን?



ባለፈው እሑድ ስብሰባ ላይ «ከገጠር በአህያ ከሰል ጭነው የሚመጡትን ጥበቃዎቻችን ያስቁሟቸው፤ ከሰሉም ይወረስ፤ ደኑን የጨረሱት እነሱ ናቸው» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙዎቻችን አጨብጭበናል። በመጪው እሑድ ውሳኔ ስለሚሰጥበት፣ የምቃወምበትን ምክንያት ላስረዳ።

ለመሆኑ ያን ዕለት ከስብሰባ ወጥተን የጠጣነው ቡና የተፈላው በምንድን ነው? ከሰሉንስ የሚገዛው ማነው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ደን መጠበቁን የሚቃወም የለም። ደን ሲመነጠር ምንጭ ይደርቃል፣ አፈር ይታጠባል፤ ቀድሞ የሚጎዳውም ያው ገበሬው ነው። ክርክሩ እንዴት ይጠበቅ በሚለው ላይ ነው። በዘበኛ ብቻ የተጠበቀ ደን ምን እንደሚሆን አይተናል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ የተከለለው ደን ተጨፈጨፈ። ለምን ቢሉ፣ ሕዝቡ «የመንግሥት ነው» እንጂ «የኔ ነው» ብሎት አያውቅማ!

ሌላ መንገድ ግን አለ። በአዳባና በዶዶላ ከ1992 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የደን ነዋሪዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ከመንግሥት ጋር ውል ተዋውለው ደኑን ተረከቡ። ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ታስቦ፣ የአንድ ማኅበር አባላት ከ30 እንዳይበልጡ ተደረገ። በውሉ መሠረት ተጠቀሙበት፣ ኪራይ ከፈሉ፣ ደኑ እንዳይመናመንም ተጠያቂዎቹ እነሱ ሆኑ። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም የማኅበረሰብ ደንን በሕግ አውቆታል። ጥቅሙ የራሱ የሆነ ሰው ዘበኛ አያሻውም።

«ታዲያ ከሰል አክሳዩ ዝም ይባል?» ትሉኝ ይሆናል። ዝም አይባልም። ነገር ግን ዛሬ ጆንያውን የቀማነው ሰው ልጆቹ እህል ይፈልጋሉና ነገ በሌሊት ሌላ ዛፍ ይጥላል። አንዱን ዛፍ አድነን ሁለት አስቆረጥን ማለት ነው።

ስለዚህ እሑድ የሚከተለውን እንወስን እላለሁ፦

1ኛ/ መውረሱ ይቅር።

2ኛ/ ከሰል ሩብ ያህል የሚቆጥበው ላቀች ምድጃ በማኅበሩ ገንዘብ በጅምላ ተገዝቶ ለየቤቱ በየወሩ በሚከፈል ሒሳብ ይታደል።

3ኛ/ በእንጨት እንጀራ የምንጋግር፣ ማገዶውን እስከ ግማሽ የሚቀንሰውን ምርጥ ምድጃ እንትከል።

ገበሬው ደኑን እንዲተው ከመጠየቃችን በፊት እኛም ከምድጃችን እንጀምር! እሑድ ማንም እንዳይቀር።

ከሰፈሩ ነዋሪዎች አንዱ