የክላዳህ ቀለበት የኛ ነው?

ሁለት እጆች ዘውድ የደፋ ልብ አቅፈው ይዘዋል። «የኬልት ጌጥ» እየተባለ በየአገሩ የሚሸጠው የአየርላንዱ ክላዳህ ቀለበት ይህ ነው። እጆቹ ወዳጅነት፣ ልቡ ፍቅር፣ ዘውዱ ታማኝነት ነው ይባላል። ስሙ ጎልዌይ ከተማ አጠገብ ከነበረች የዓሣ አጥማጆች መንደር የመጣ ነው።

ሪቻርድ ጆይስ የተባለ የጎልዌይ ሰው በባሕር ላይ ተማርኮ አልጀርስ ውስጥ ለአንድ ሙስሊም ወርቅ አንጥረኛ ተሸጠ ይባላል። ጌታው ሙያውን አስተማረው። በ1689 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ዊልያም 3ኛ ምርኮኞቹ እንዲለቀቁ ሲጠይቁ፣ አንጥረኛው ልጁን ሊድርለት፣ የሀብቱንም ግማሽ ሊያካፍለው ለመነው። ጆይስ ግን አገሬ ይሻለኛል ብሎ ተመለሰ።

ይህን የሰሙ ወንድሞችና እህቶች «ቀለበቱ የኛ ነው» ለማለት ይቸኩላሉ። እኛ አንስማማም። የተጨባበጡ እጆች የተቀረጹበት ቀለበት በሮማውያን ዘመንም ነበር። ደግሞስ የመምህሩን ቸርነት እያወራን፣ ተማሪው በገንዘብ የተገዛ ሰው መሆኑን ለምን እንዘለዋለን? ማልታ ላይ ሙስሊሞችም ይሸጡ ነበር፤ ያ ግን ለዚህኛው ማመካኛ አይሆነንም።

የሚያስቆጨን ሌላ ነው። ታሪኩ የተማሪውን ስም አቆይቶ የአስተማሪውን ጥሎታል።