የአንድ ቀን የእግር ጉዞ በሰሜን ተራሮች፦ ጥቅሙ ለአካባቢው ነዋሪ እንዲደርስ

ቱሪዝም ጭስ አልባ ኢንዱስትሪ እየተባለ ሲወሳ አስቀድሞ የሚታሰበው የሆቴል፣ የአውሮፕላንና የታላላቅ ቅርሶች ጉዳይ ነው። በተራራማ ብሔራዊ ፓርኮች ግን የዘርፉ ውጤት የሚለካው በሌላ መንገድ ነው። ጠዋት ከመኪና ወርዶ የገደሉን አፋፍ ይዞ ጥቂት ሰዓታት በእግሩ የሚጓዝ፣ ከመምሸቱ በፊትም ወደ ማረፊያው የሚመለስ ጎብኚ ለፓርኩና ለአካባቢው ምን ጥሎ እንደሚሄድ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥያቄው በተለይ ለሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከፍተኛ ትርጉም አለው።

ፓርኩ እ.ኤ.አ በ1969 የተቋቋመ ሲሆን፣ በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስ መዝገብ ካሰፈራቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነው። ገደሎቹ እስከ 1,500 ሜትር ቁልቁል የሚወርዱ ናቸው። ዋልያ ከእነዚህ ተራሮች ውጪ በተፈጥሮ መኖሪያው በዓለም የትም አይገኝም። ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ጅብራና የአስታ ደን የፓርኩ ተጨማሪ ሀብቶች ናቸው።

ፓርኩን በሚገባ ለማየት ከሳንቃበር ተነስቶ በግጭ በኩል እስከ ጨነቅ የሚዘልቅና ቀናት የሚወስድ ጉዞ ይመረጣል። ይሁን እንጂ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን በተጣበበ ጊዜ ለማየት ያቀደ ጎብኚ ለተራሮቹ የሚተርፈው አንድ ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ ጎብኚ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይደርሳል። በዚያም የመግቢያ ክፍያውን ፈጽሞ፣ አስጎብኚና የታጠቀ ስካውት አስከትሎ ወደ ቡይት ራስ ያመራል። ከቡይት ራስ 3,250 ሜትር ከፍታ ላይ እስከሚገኘው ሳንቃበር ያለውን መንገድ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በእግሩ ያጠናቅቃል። የጭላዳ መንጋ ሣር ሲነጭ በቅርብ ይመለከታል። ጊዜ ካለውም 500 ሜትር ገደማ ወደሚወረወረው የጅንባር ፏፏቴ መመልከቻ ይዘልቃል። በመጨረሻም በሌላው ጫፍ የሚጠብቀውን መኪና ተሳፍሮ ወደ ጎንደር ይመለሳል።

ችግሩ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በቅሎ አከራዩ፣ ጭነት አጓጓዡና ምግብ አብሳዩ በዋናነት የሚጠቀሙት ድንኳን ተክሎ ከሚያድረው ጎብኚ ነው። ምሳውን ከከተማ ቋጥሮ የመጣ የአንድ ቀን ተጓዥ ግን ከመግቢያ፣ ከአስጎብኚና ከስካውት ክፍያ ውጪ በመንገዱ ላይ ገንዘብ የሚያወጣበት አጋጣሚ ጠባብ ነው። በገደሉ አፋፍ የሚኖረው አርሶ አደር እንግዳው ሲያልፍ ያያል እንጂ ከጉዞው ተጠቃሚ አይሆንም።

ይህ የገቢ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፓርኩ እ.ኤ.አ ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የቆየው የዋልያና የቀይ ቀበሮ ቁጥር በመመናመኑ፣ ሰፈራ፣ እርሻና ልቅ ግጦሽም በመስፋፋታቸው ነበር። ከመዝገቡ እንዲወጣ ካስቻሉት እርምጃዎች መካከል በፓርኩ እምብርት በምትገኘው ግጭ ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ አባወራዎች እ.ኤ.አ በ2016 ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ይጠቀሳል። ለተፈጥሮ ጥበቃ ሲባል ቀዬውንና የግጦሽ መሬቱን የለቀቀ ቤተሰብ በምትኩ ከፓርኩ ሊያገኝ የሚገባው ጥቅም አለ። በ2011 ዓ.ም መጋቢትና ሚያዝያ በፓርኩ ቃጠሎ በተነሳ ጊዜ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪደርሱ ድረስ ከእሳቱ ጋር ሲታገል የሰነበተው በዋናነት የአካባቢው ሕዝብ ነበር። ነገም ቀድሞ የሚደርሰው ይኸው ሕዝብ ነው።

በዚህ ረገድ የግሪክ ደሴት በሆነችው ቀርጤስ የሚገኘው የሳማርያ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ተሞክሮ ትምህርት ሰጪ ነው። ሁለቱ ፓርኮች ታሪካቸው ይመሳሰላል። ሳማርያም እ.ኤ.አ በ1962 ፓርክ ሲሆን በሸለቆው የነበረች መንደር ነዋሪዎች ተዛውረዋል፤ የጥበቃው አንዱ ዓላማም ክሪ ክሪ የተባለውን የዱር ፍየል ማትረፍ ነበር። በፓርኩ ማደር የተከለከለ በመሆኑ ጎብኚው ሁሉ የአንድ ቀን ተጓዥ ነው። ከ1,200 ሜትር ከፍታ ተነስቶ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ዳር ወደምትገኘው አግያ ሩሜሊ ይደርሳል። ወደዚህች መንደር የመኪና መንገድ ስለሌለ ተጓዡ የሚወጣው በጀልባ ነው። ጀልባዋን እየጠበቀ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ገንዘቡም ጉዞው በሚያበቃበት ሥፍራ ይቀራል።

የሳማርያ አሠራር ለደኅንነትም ትኩረት የሰጠ ነው። ፓርኩ በመደበኛነት ከግንቦት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባሉት የአውሮፓውያን ወራት ክፍት ይሆናል፤ ከባድ ዝናብ ወይም ብርቱ ሙቀት ሲያጋጥም በዚህ ጊዜም ይዘጋል። ትኬቱ መውጫው ላይ ስለሚታይ በሸለቆው ውስጥ የቀረ ሰው መኖር አለመኖሩ ይታወቃል። የተጎዳ ተጓዥ የሚወጣበት በቅሎም ተዘጋጅቷል።

የሰሜን ተራሮች ከሳማርያ የሚለይበት ጎን እንዳለ እርግጥ ነው። እዚህ መኪና እስከ ጨነቅና ከዚያም ወዲያ ይደርሳል፤ ስካውት አብሮ መጓዙም ለደኅንነት ትልቅ ብልጫ ነው። በመሆኑም የሚፈለገው ልምዱን እንዳለ መገልበጥ ሳይሆን ፍሬ ነገሩን መውሰድ ነው። የእግር ጉዞው የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቦታ ተለይቶ፣ በማኅበር የተደራጁ የአካባቢው ወጣቶችና ሴቶች ምሳ፣ ቡናና የእጅ ሥራ ውጤት የሚያቀርቡበት ሥርዓት ቢዘረጋ፣ ከግጭ የተዛወሩ ቤተሰቦችም ቅድሚያ ቢያገኙ፣ የአንድ ቀን ተጓዥ ምግቡን ከጎንደር የሚቋጥርበት ምክንያት አይኖርም። ለዚህ በፓርኩ ውስጥ ትልቅ ግንባታ አያስፈልግም፤ ቀላልና ሊነሳ የሚችል መጠለያ ይበቃል። ቆሻሻ ተሰብስቦ ከፓርኩ እንዲወጣና ለጭላዳ ምግብ እንዳይሰጥ ማድረግም የሥርዓቱ አካል ሊሆን ይገባል። ጉም የገደሉን አፋፍ ሲሸፍን መንገዱን የመዝጋት ሥልጣን የማን እንደሆነ በግልጽ መታወቁም እንዲሁ አስፈላጊ ነው።

የአገልግሎቱ ሁሉ መነሻ ሰላም መሆኑ አያጠያይቅም። በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት፣ በ2015 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የጎብኚውን እግር አሳጥረው ኑሮውን በእንግዳ ላይ የመሠረተውን የደባርቅ ነዋሪ ለችግር ዳርገዋል። የጎብኚ ፍሰት ሲያገግም ረጅም ጉዞ ለመድፈር ከሚያመነታው ይልቅ የአንድ ቀን ተጓዡ ቀድሞ ሊመጣ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ስለሆነም የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ የዞኑና የወረዳዎቹ አስተዳደሮች፣ የአስጎብኚ ማኅበራትና ሌሎች ባለድርሻ አካላት ዝግጅቱን ከወዲሁ ሊጀምሩ ይገባል። የዋልያ ህልውና የሚጸናው ጎረቤቱ የሆነው አርሶ አደር ከፓርኩ ተጠቃሚ ሲሆን ነውና።