ፍሬ በገበታ ላይ ሰዓት ይኑረው

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ከተማ የሚደርስ፣ ከዚያም በውጫሌና በውርጌሳ አድርጎ ወደ መርሳ የሚወርድ መንገደኛ የፍሬ ሻጮችን በመንገዱ ዳር ያያል። ማንጎው፣ ብርቱካኑ፣ ፓፓያውና ዘይቱኑ በየወቅቱ ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። ገዢው ግን በአመዛኙ መኪናውን አቁሞ ለሩቅ ቤተ ሰቡ የሚሸምት አላፊ ነው። የሐይቅና የአምባሰል ነጋዴ ሊያስብበት የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው፤ ፍሬው በደጅ ሞልቶ ሳለ ስለ ምን በአገሬው ገበታ ላይ አይገኝም?

ስለ ፍሬ ንግድ መዳከም ሲነሣ መንገዱ ተበላሸ፣ ጭነቱ ተወደደ፣ ደላላው በዛ ይባላል። ይህ ሁሉ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ዋናው ምክንያት ከዚህ ሁሉ የቀደመ ነው። በኢትዮጵያ የአመጋገብ ልማድ እንጀራና ወጥ ሰዓት አላቸው፤ ቡናም ሰዓት አለው፤ ከቡናው ጋር የሚቀርበው ቆሎና ዳቦ እንኳ ቦታው የታወቀ ነው። ፍሬ ግን የሕመምተኛ መጠየቂያ፣ የልጅ ማባበያና የመንገደኛ ስንቅ ሆኖ ቀርቷል። እረኛው በዱር አጋሙንና ቁርቁራውን፣ ሾላውንና እንኮዩን እየለቀመ ይበላል፤ አድጎ ጎጆ ሲወጣ ፍሬን እንደ ልጅነት ነገር ቆጥሮ ይተወዋል።

ሰዓት ያለው ፍሬ ምን ያህል ገበያ እንደሚያገኝ ማወቅ የሚሻ ተምርን ይመልከት። ተምር ከባሕር ማዶ ተጭኖ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት፣ ረዥም መንገድ ተጉዞ ወደ ወሎ ከተሞች ሲመጣ በረመዳን ወራት ገዢ አያጣም። ምክንያቱም የመግሪብ አዛን ሲሰማ ጾመኛው እጁን አስቀድሞ የሚዘረጋው ወደ ተምር መሆኑ የተወሰነ ነው። ስለዚህ አስመጪው መቼ እንደሚያዝ፣ ባለሱቁም መቼ እንደሚሸጥ አስቀድሞ ያውቃል። ሎሚም እንዲሁ ነው፤ ዶሮ ለማጠብ የሚፈልገው ባለቤት ብዙ ስለሆነ የበዓል ሰሞን ሎሚ ሻጭ ባዶ እጁን አይመለስም። ተምርና ሎሚ ማንጎን የበለጡት በጣዕም አይደለም፤ ጊዜያቸውና ሥራቸው የታወቀ በመሆኑ ነው።

ሰዓት ማጣት የሚያስከትለው ጉዳት ደግሞ ከገበሬው ማሳ ላይ ይታያል። ማንጎ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ባንድነት ይደርሳል፤ ከበሰለም በኋላ ብዙ ቀን አይቆይም። በዚያን ጊዜ ዋጋው ይወድቃል፤ ያልተሸጠውም ከዛፉ ሥር ይበሰብሳል። ጫት ግን በየቀኑ ከቀትር በኋላ የታወቀ ሰዓትና የታወቀ ገዢ አለው። እንዲህ ከሆነ ገበሬው የመስኖ ውሃውን ለጫቱ ቢያደላ ይፈረድበታልን? የፍሬ ዛፍ ተቆርጦ በስፍራው ጫት ሲተከል ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ሆኖም ለማንጎው ቋሚ ገዢ ያላበጀ ነጋዴም ከወቀሳው ድርሻውን መውሰድ ይገባዋል። ማንጎ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታትን ስለሚጠይቅ፣ አንድ ጊዜ የተቆረጠው በቶሎ አይተካም።

ሩቅ ገበያን ብቻ ተስፋ ማድረግም አደጋ አለበት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ሐይቅ በደረሰ ጊዜ ይህ መንገድ ለንግድ ተዘግቶ ነበር። እህል በጎተራ ሊቆይ ይችላል፤ የበሰለ ፍሬ ግን የመንገድ መከፈትን አይጠብቅም። በየሰፈሩ የሚበላ ፍሬ ቢሆን ከጓሮ ወደ ጎረቤት ለመድረስ የጭነት መኪና አያሻውም።

«ፍሬ አያጠግብም» የሚል መልስ እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። ቡናም አያጠግብም፤ ሰዓት ስላለው ግን ድሀውም ሀብታሙም ይገዛዋል። ፍሬ በእንጀራ ፋንታ ይበላ የሚል የለም፤ ከእንጀራው ጋር ይቅረብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አታክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። በዘይቱንና በብርቱካን የሚገኘው ቫይታሚን ሲ በጤፍና በምስር ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በሚገባ እንዲቀበል ይረዳል፤ የበሰለ ማንጎና ፓፓያም ለዓይን የሚበጀው ቫይታሚን ኤ የሚገኝባቸው ናቸው።

ልማድ አይለወጥም የሚለውም ክርክር አያስኬድም። በከተሞች ያሉ ጭማቂ ቤቶች አቮካዶውን፣ ማንጎውንና ፓፓያውን በአንድ ብርጭቆ ደራርበው «ስፕሪስ» ብለው መሸጥ ከጀመሩ ወዲህ፣ ፍሬን የልጅ ምግብ ይል የነበረው ሰው ገንዘብ ከፍሎ ይጠጣዋል። ለዚህም ያበቃው የነጋዴው ብልሃት ነው።

እንግዲህ ሥራው ለሁሉም ይዳረሳል። ባለሱቁ በረመዳን ከተምሩ አጠገብ ማንጎና ፓፓያ ያስቀምጥ፤ በክርስቲያኑ የጾም ወራትም ሥጋና ቅቤ ከገበታ ሲርቁ ፍሬውን በፍሬ በፍሬ፣ ለድሀ ኪስ በሚስማማ ዋጋ ያቅርብ። ነጋዴው ዛፍ ተነቅንቆ የወደቀውን ትቶ በእጅ የተለቀመውን ይግዛ፤ በጆንያ ማጨቁንም ትቶ በሣጥን ያጓጉዝ። አስመጪው የፍሬ ማድረቂያ መሣሪያ ቢያስገባ በወቅቱ የተረፈው ማንጎ ደርቆ በቡና ሰዓት ከቆሎው ጎን ሊቀርብ ይችላል። ላኪውም የውጭውን ገበያ ከመመኘቱ በፊት በእጅ መልቀምን፣ መምረጥንና በንጽሕና ማሸግን በአገሩ ገዢ ዘንድ ይለማመድ፤ በውጫሌ ገበያ የተናቀ ማንጎ ከባሕር ማዶ ደርሶ አይከበርምና።

ይህ ሳይደረግ ቢቀር የፍሬው ዛፍ ዓመት በዓመት እየተመናመነ ይሄዳል፤ ነጋዴውም ከደጁ ያጣውን ፍሬ ከሌላ አገር በውድ ዋጋ ለማስመጣት ይገደዳል።